ሞንታርቦ ስሙን ያልጠራው ገመድ

ተረቴ ስለ ገመድ ነው፤ ገመድ ደግሞ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይገመድም። አንዱን ጫፍ እናንተ ያዙልኝ፣ አንዱን እኔ እይዛለሁ። ያዛችሁ? እንግዲህ ልጀምር።

ጨፌ ማዶ በምትባል የገበያ መንደር እትዬ አትጠገብ የሚባሉ ገመድ ሠሪ ነበሩ። ቃጫውን ራሳቸው ይፍቃሉ፣ ራሳቸው ያከርራሉ፣ ጫፉን የሚይዝላቸው ጎረቤት ሲያጡ እንጨት ላይ አስረው ራሳቸው ይገምዳሉ። የጨፌ ማዶ ልጅ ስለሆንኩ ያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ እንጂ፣ በእሳቸው ገመድ የታሰረ በሬ አርጅቶ ሲያበቃ ገመዱ ገና ጎረምሳ ነው።

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን ገበያው መሃል ሞንታርቦ ተተከለ። ሞንታርቦው ገበያ በዋለ ቁጥር "ናይለን ገመድ! የሚያብረቀርቅ! የማይበጠስ!" እያለ ይጮሃል። ሰዉም ናይለን በናይለን ሆነ። የእትዬ አትጠገብን ገመድ ዞር ብሎ የሚያይ ጠፋ።

ይህን የሰማች ከተማ የምትኖር ልጃቸው ሽታዬ መጣች። "እማዬ፣ በቃሽ" አለች። "ዛሬ አንድ ሰው እንኳ ገመድሽን ከገዛ እዚሁ ትኖሪያለሽ፣ እኔም ሁለተኛ አልጨቀጭቅሽም። ካልገዛ ግን ቃጫሽን ትተሽ ማታ ከእኔ ጋር መኪና ትሳፈሪያለሽ።"

እትዬ አትጠገብ ደግሞ ከተማ ገብተው እጃቸውን አጣጥፈው ከሚቀመጡ መታመም ይመርጣሉ። "ይሁን" አሉ። ከሠሩት ሁሉ አብልጠው የሚኮሩበትን ገመድ መርጠው ትከሻቸው ላይ ጣሉና ገበያ ወጡ።

ገበያው ውስጥ ገድሉ የሚባል ገበሬ ለጊደሩ ገመድ ይፈልጋል። "ገድሉ፣ ይሄን ውሰድ" አሉት።

"እትዬ፣ እኔ እንኳ በማስታወቂያ የምገዛ ሰው አይደለሁም" አለ ገድሉ ደረቱን ነፍቶ። "ግን ሞንታርቦ ስሙን ያልጠራውን ገመድ ምን ብዬ ልመን? ይጥራውና እገዛለሁ።"

ገድሉ አልገዛ አለ፣ ገመዱም ከእትዬ አትጠገብ ትከሻ አልወርድ አለ።

እሳቸውም ወደ ሞንታርቦው ሄዱ። ለልመና አልነበረም፤ እትዬ አትጠገብ መለመን የሚባል ነገር አያውቁም፤ ምክንያቱን ሊጠይቁ ነው። በሞንታርቦው የሚለፍፈው ንጋቱ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ተቀምጧል። "ምነው ዛሬ ዝም አልክ? የገመዴን ስም ጥራ እንጂ" አሉት።

"እርስዎንማ ደስ እያለኝ ነው የምጠራው፣ እትዬ" አለ ንጋቱ። "ልጅ ሆኜ ዥዋዥዌ የተጫወትኩት በማን ገመድ ሆነና! ግን ሞንታርቦው ያለ ባትሪ አይናገርም። ባትሪውን ደግሞ እንዲሞላ ወፍጮ ቤት አስቀምጬዋለሁ።"

ሞንታርቦው አልናገር አለ፣ ገድሉ አልገዛ አለ፣ ገመዱም ከእትዬ አትጠገብ ትከሻ አልወርድ አለ።

ወፍጮ ቤቱ ከገበያው ዳር ነው። ሄደው ቢያዩ ባትሪው ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሏል። "አንተ ባትሪ፣ ለምን አትሞላም?" አሉት።

"እኔ ምን ላድርግ?" አለ ባትሪው። በተረት አገር ባትሪም ይናገራል፤ አትገረሙ። "የወፍጮው ሞተር ሲዞር ነው የምሞላው። እሱ ደግሞ ይኸው እንደሚያዩት ተኝቷል።"

ባትሪው አልሞላ አለ፣ ሞንታርቦው አልናገር አለ፣ ገድሉ አልገዛ አለ፣ ገመዱም ከእትዬ አትጠገብ ትከሻ አልወርድ አለ።

"አንተስ ወፍጮ፣ ለምን አትዞርም?" አሉት።

"ናፍጣ ሳልጠጣ?" አለ ወፍጮው ተቆጥቶ። "ናፍጣዬን የሚያመጣው ፈንታ በጠዋት ይደርሳል ተብሎ ነበር፤ እስካሁን ጅረቱ ጋ ነው። ይኸው የሰው እህል ደጃፌ ላይ ተከምሯል፤ እናቶች ይረግሙኛል።" እውነቱን ነው፤ ደጁ በስልቻ ተሞልቷል፣ ባለ ስልቻዎቹም ፊታቸው ጠቁሯል።

ወፍጮው አልዞር አለ፣ ባትሪው አልሞላ አለ፣ ሞንታርቦው አልናገር አለ፣ ገድሉ አልገዛ አለ፣ ገመዱም ከእትዬ አትጠገብ ትከሻ አልወርድ አለ። ጫፉን አልለቀቃችሁም አይደል? ገና ነን።

እትዬ አትጠገብ ነጠላቸውን አደግድገው ቁልቁል ወደ ጅረቱ ወረዱ። እዚያ አህያ ነጂው ፈንታ ራሱን ይዞ ቆሟል። ናፍጣ የያዙት ጀሪካኖች ጭቃው ላይ ተጋድመዋል። "እናንተስ ለምን አትመጡም?" አሏቸው ጀሪካኖቹን።

"እግር የለን" አሉ ጀሪካኖቹ። "አህያዋን ይጠይቋት።"

ናፍጣው አልመጣ አለ፣ ወፍጮው አልዞር አለ፣ ባትሪው አልሞላ አለ፣ ሞንታርቦው አልናገር አለ፣ ገድሉ አልገዛ አለ፣ ገመዱም ከእትዬ አትጠገብ ትከሻ አልወርድ አለ።

አህያዋ ሳሩ ላይ ተኝታ ጆሮዋን ጥላለች። "አንቺስ ለምን አትነሺም?" አሏት።

"ሥራ ጠልቼ እንዳይመስልዎት" አለች አህያዋ። "የአህያ ልጅ ነኝ፣ ጀርባዬ ላይ ለሚጫን አላኮርፍም። ይሄ ግን ጥቂት በተራመድኩ ቁጥር ተንሸራትቶ ሆዴ ስር ይንጠለጠላል። እንዲህ ተዋርጄ ገበያ አልገባም።"

አህያዋ አልነሳ አለች፣ ናፍጣው አልመጣ አለ፣ ወፍጮው አልዞር አለ፣ ባትሪው አልሞላ አለ፣ ሞንታርቦው አልናገር አለ፣ ገድሉ አልገዛ አለ፣ ገመዱም ከእትዬ አትጠገብ ትከሻ አልወርድ አለ።

እትዬ አትጠገብ ጎንበስ ሲሉ ጀሪካኖቹ መሃል አንድ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ናይለን ገመድ አዩ። "አሃ፣ አንተ ነህ? ጭነቱን ለምን አታስርም?"

"ሞንታርቦው ምን ነበር ያለው?" አለ ናይለኑ። "ያብረቀርቃል አለ፤ እያብረቀረቅኩ ነው። አይበጠስም አለ፤ ተበጠስኩ እንዴ? ቋጠሮው አይፈታም ያለ ሰው ግን አለ? ያልተባለልኝን ከየት ላምጣ?"

"እኔም እኮ የገዛሁት ሞንታርቦውን ሰምቼ ነው" አለ ፈንታ አንገቱን ደፍቶ። "ቀድሞ በእርስዎ ገመድ ነበር የምጭነው፣ እትዬ። ናፍጣ ሲነካው እንዲህ እየተሟለጨ ይፈታል ብዬ መቼ አሰብኩ!"

እትዬ አትጠገብ ወደ ገበያው አሻቅበው አዩ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ ሽታዬም ሻንጣዋን ይዛ መኪናው ጋ ቆማለች። ከዚያ ገመዱን ከትከሻቸው አወረዱት።

"እትዬ፣ ተዉ!" አለ ፈንታ። "አንድ ገመድ ነው የያዙት። ናፍጣ ከነካው ማን ይገዛዎታል?"

"ላይገዛኝ ይችላል፤ ያስራል ግን" አሉ እትዬ አትጠገብ። "አህያ ጭነቷ ተንሸራትቶባት እያየሁ፣ እኔ ገመድ ተሸክሜ ከቆምኩ ምኑን ገመድ ሠሪ ሆንኩት? በል ጀሪካኑን አንሳ!" በዚህ ቦታ ላይ እኔ ሁልጊዜ አንገቴ ቀና ይላል። የመንደሬ ሴት ናቸዋ!

እንግዲህ ገመዱ ጭነቱን አሰረ፣ ጭነቱ አህያዋ ጀርባ ላይ ረጋ፣ አህያዋ ተነሳች፣ ናፍጣው መጣ፣ ወፍጮው ዞረ፣ እናቶች እልል አሉ፣ ባትሪው ሞላ፣ ሞንታርቦውም አፉን ከፈተ።

ንጋቱ ማይኩን ይዞ፣ ሽቦውን እየጎተተ፣ አህያዋ ከነጭነቷ ወደቆመችበት ወደ ወፍጮ ቤቱ ደጅ መጣ። የመጀመሪያው ጀሪካን ብቻ ነበር የወረደላት፤ የቀሩት እንደታሰሩ ናቸው። "እትዬ፣ ምን ልበል? ዝሆን ያስራል ልበል?"

"ዝሆን አስሬ አላውቅም።"

"ከዓለም አንደኛ ልበል?"

"ዓለምን አልዞርኩትም። የፈንታን ጭነት ከጅረቱ እስከ ወፍጮ ቤት አስሮ መጣ በል። ሠሪዋም አትጠገብ ናት በል። እዚያ ላይ አቁም።"

ንጋቱ ቅር እያለው እንደተባለው አለ። ገበያተኛው እንዲህ ያለ አጭር ማስታወቂያ ሰምቶ ስለማያውቅ ተበላሸ ብሎ ቀጣዩን ጠበቀ። ቀጣዩ ሲቀር ጊዜ ነገሩ ምንድነው ብሎ ወደ አህያዋ መጣ። ከሁሉ ፊት ገድሉ ነበር። ቋጠሮውን ሳበው፤ ንቅንቅ የለም። በሁለት እጁ ሳበው፤ አህያዋ ተነቃነቀች እንጂ ቋጠሮው አልተነቃነቀም።

"እትዬ፣ ይሄኑ ነው የምወስደው" አለ።

"ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል እኮ። አዲስ እገምድልሃለሁ።"

"የለም! ሲያስር ያየሁት ይሄንን ነው" አለ ገድሉ፤ ደረቱንም እንደልማዱ ነፋ። "ደግሞ ሰው ሁሉ ይወቅልኝ! እኔ በማስታወቂያ የምገዛ ሰው አይደለሁም! የአትጠገብን ገመድ የምገዛው በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ ስቤ ነው!"

ለካ የንጋቱ ማይክ አልተዘጋም ኖሯል። የገድሉ ድምፅ በሞንታርቦው ገብቶ ጨፌ ማዶን ከዳር እስከ ዳር ናጣት። ገበያተኛው ሳቀ፣ አህያዋ አናፋች፣ ሰዉም "እትዬ፣ ለእኔም! እትዬ፣ ለእኔም!" እያለ ከበባቸው። ገድሉ ግን ለምን እንደተሳቀ እስካሁን አልገባውም።

ሽታዬ ግርግሩን ሰንጥቃ ገባች። እናቷን ጀርባቸውን አቅንተው ቆመው አየቻቸው፤ ከልጅነቷ ወዲህ እንዲህ ቆመው አይታቸው አታውቅም። መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። ሽታዬ ዞር ብላም አላየችው። ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና "እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ሰው እየጠየቀሽ እንጨት ላይ አስረሽ አትደርሺለትም። አምጪ፣ ጫፉን ልያዝልሽ" አለች።

ገድሉ ገዛ፣ ሞንታርቦው ዝም አለ፣ ገመዱም ከእትዬ አትጠገብ ትከሻ ወረደ። እናንተም ክንዳችሁ ዝሏል፤ አሁን ጫፉን ልቀቁልኝ፣ ተረቴ ተገምዷል።