ሁለት ጎማ ለሐረጎ

አንድ ቀን ነው ልበል፤ ዓመቱን መጥራት አልፈልግም። ደሴ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው በታች፣ ጎሚስታ ነበርኩ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ቤቱ ጥቂት ቆርቆሮ፣ አንድ ኮምፕሬሰር፣ አንድ ክሪክና የተደራረበ ጎማ ነው። ቀን እሠራበታለሁ፤ ሌላ ማደሪያም አልነበረኝም። ስለዚያ ዘመን ሰው ሲጠይቀኝ «ደህና ነበር» እላለሁ። ደህና አልነበረም። የሳቅኩበት ቀን ግን ነበር፤ የማወራችሁ እሱን ነው።

ሐምሌ ነው። ዝናቡ ያባራል ሲሉት ይመለሳል። ረፋዱ ላይ አንድ ጥቁር መርሴዲስ መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ። ያን መኪና ደሴ ውስጥ የማያውቀው አልነበረም። የእህል ነጋዴው የአቶ ቸርነት ነው። ስም የሚያወጡት ወላጆች ናቸው፤ ልጁ ሲያድግ ምን እንደሚወጣው አያውቁም።

መኪናው ከላይ ሲያዩት መስታወት ነው። ፊትህን ታይበታለህ። ዝቅ ብለህ ስታየው ግን አራቱም ጎማዎች እንደ ሽማግሌ አናት ተመልጠዋል። ካባ ደርቦ በባዶ እግሩ የቆመ ሰው ይመስላል።

ሹፌሩ ይመር ይባላል። የሐይቅ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ሰውን እያሳቀ እሱ የማይስቅ። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና የጌታውን በር ከመክፈቱ በፊት እኔ ዘንድ መጣ።

«አራጋው፣ ወንድሜ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገ ጠዋት ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ወርደን አዲሶቹን አማቾቻቸውን እንቀበላለን።»

«በዚህ ጎማ?»

«በዚህ ጎማ። ትናንት ሐረጎ ላይ ፍሬን ያዝኩ። ወላሂ፣ የቆመው ልቤ ነው፤ መኪናው አልቆመም።»

«አልወርድም በላቸዋ።»

«ከእኔ በፊት አልወርድም ያላቸው ሹፌር ዛሬ ጋሪ ነው የሚነዳው። ሚስቴ ደግሞ ወሯ ገብቷል። ከወረድኩ ልጄን አላየውም፤ እምቢ ካልኩ አላበላውም። አራቱም ዛሬ መቀየር አለባቸው።»

ሐረጎን ለማታውቁ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ጠመዝማዛ ነው። በአንዱ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ምንም የለም። ሐምሌ ሲሆን ጉሙ መጥቶ ያንን ምንም የለም ይሸፍነዋል።

ይመር ሄዶ የኋላውን በር ከፈተ። አቶ ቸርነት ዣንጥላቸውን ዘርግተው ወረዱ። አጠገቤ ሁለት የአይሱዙ ሹፌሮች ተራቸውን እየጠበቁ ጎማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ተነሡላቸው። እሳቸው አላዩአቸውም።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ይኼ ሰውዬ ጎማው አለቀ እያለ ጆሮዬን በላው። ዕድሜህን ሙሉ ጎማ ስታይ የኖርክ ነህ፤ እስቲ ንገርልኝ።»

ቁጢጥ ብዬ በመዳፌ ዳሰስኩት። ልሙጥ ነው። ከዳሩ አንድ ቦታ ላይ ክሩ ወጥቷል።

«አልቋል ጋሼ።»

«ምኑ ነው ያለቀው?»

«ጥርሱ።»

«ጥርሱ!» አሉና አፋቸውን ከፈቱልኝ። ከላይ ሦስት፣ ከታች ሁለት አየሁ። «የእኔስ መች አለና ነው? አልበላም እንዴ?»

ይመር ከኋላቸው፣ «እርስዎ የሚበሉት ፍትፍት ነው ጋሼ» አለ። «እሱ የሚበላው ሐረጎን ነው።»

የአይሱዙዎቹ ሹፌሮች ወደ ዝናቡ ዞረው ሳቁ።

«አንተ ዝም በል!» አሉት። ወደ እኔ ተመለሱ። «እንግዲያው ጥርስ አውጣለት። ሰዎች በጋለ ስለት ያስቀርጹ የለም ወይ?»

«ያስቀርጻሉ ጋሼ። ለመቅረጽ ግን ሥጋ ያስፈልጋል። ይኼ ሥጋ የለውም፤ ብነካው ሽቦው ነው የሚወጣው።»

«ሽቦ አለው ማለት ነዋ! ሽቦ ያለው ነገር ደግሞ መች ይበጠሳል?»

ሐረጎ ላይ የቀረ መኪና ሲጎተት ጎማውን የማወጣው እኔ ነበርኩ። ማን ይነዳው እንደነበር አልጠይቅም። ያን ጊዜም አልጠየቅኩም፤ አሁንም ባወራው ደስ አይለኝም።

ይመር ከሳምንት በፊት ልኩን ነግሮኝ ስለነበር የዚያን መኪና አራት አዲስ ጎማ ከአንድ ነጋዴ በአደራ አምጥቼ አስቀምጬ ነበር። ወረቀታቸው እንኳ አልተላጠም። አንዱን አንከባልዬ ፊታቸው አቆምኩት። ዣንጥላውን ለይመር አስያዙና ጎንበስ አሉ። በጣታቸው መገጣጠሚያ ኳ ኳ አደረጉት። ጆሯቸውን አስጠጉ። እንደገና መቱት።

«ይኼ ድምፁ አላማረኝም።»

«ጎማ እኮ ነው ጋሼ፣ ማሰሮ አይደለም።»

«አንተ ምን ታውቃለህ? አርባ ዓመት ሙሉ ስገዛ ስሸጥ ነው የኖርኩት። ዕቃ የተባለ ሁሉ ሲመቱት ይናገራል።»

«እውነታቸውን ነው» አለ ይመር ዣንጥላውን እንደያዘ። «ሲመቱት የማይናገረው ሹፌር ብቻ ነው።»

አቶ ቸርነት የሰሙ አልመሰሉም። ዓይናቸው ከጥግ ወደተጋደመው አንድ ትልቅ ጎማ ሄዷል። ያገለገለ ነው፤ ግን ጥርሱ ገና አለ። ሄደው በጫማቸው ገፋ አደረጉት። ደስ አላቸው።

«ይኼ ነው ጎማ! አያችሁ? ውፍረቱ! ይኼ እኮ ቢያንስ አሥር ዓመት ያገለግላል። ለምን እሱን ደበቅከኝ?»

«የአይሱዙ ነው ጋሼ።»

«ታዲያ አይሱዙ ሐረጎን አይወርድም?»

«መውረዱንማ ይወርዳል። የእርስዎ መኪና ላይ አይገባም እንጂ።»

«ትንሽ ብትገፋው?»

ባለ አይሱዙው፣ ጎማው የእሱ ነበርና፣ ብድግ ብሎ ጎማውን ወደ ራሱ አንከባለለው።

«ጌታው፣ የእኔን ይተዉልኝ» አለ። «እኔም በእሱ ነው የምወርደው።»

ወደ አዲሶቹ ተመለሱ። ዋጋ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከይመር እጅ ዣንጥላቸውን ተቀበሉ፤ ዘጉት፤ ዝናቡ በባርኔጣቸው ላይ እየወረደ ቆሙ። ይመር መለስ ብሎ አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። የዚያን ቀን ቁርስ አልበላሁም ነበር፤ አራቱ ቢሸጡ እኔንም ይሻለኝ ነበር። ግን ስለ ራሴ ብዬ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ጎማው አልቆ ነበር፤ በቃ።

ቆየት ብለው፣ «ሁለት» አሉ።

«ሁለት ምን ጋሼ?»

«ሁለት ጎማ። ሁለት ይበቃል።»

«መኪናው እኮ አራት እግር ነው ያለው» አልኩ።

«መኪናው አራት እግር አለው፤ እኔ ግን ሁለት እጅ ነው ያለኝ። ሁለት ግጠም ብያለሁ።»

«የትኛው ላይ ልግጠማቸው?»

ይህን ስጠይቅ አቶ ቸርነት ፊታቸው በራ። ጥያቄውን ሲጠብቁት የነበረ ይመስላሉ። በዣንጥላቸው ጫፍ መኪናውን መሐል ለመሐል ለሁለት ከፈሉት።

«ስማ። እኔ የት ነው የምቀመጠው?»

«ኋላ።»

«ነገ አማቾቼስ የት ነው የሚቀመጡት?»

«ኋላ፣ ከእርስዎ ጋር።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ? አዲሱን ኋላ አግባው። የእንግዳም ክብር ነው።»

«የፊቱስ?» አልኩ።

«ፊትማ ይመር ነው ያለው» አሉ፣ እንደ ቀላል ነገር። «ይመር ወጣት ነው፤ ዓይኑ ያያል፤ ይጠነቀቃል። የፊቱ የሹፌሩ ነው፣ የኋላው የእኔ። እያንዳንዱ የራሱን ጎማ ይወቅ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ይመርን አየሁት። እጁ ኪሱ ውስጥ ነው፤ የመኪናውን ቁልፍ ሲያገላብጥ ይሰማኛል። አሁን አውጥቶ ይሰጣቸዋል አልኩ። ከሰጠ ነገ እዚያው መናኸሪያ በር ላይ ሥራ ፈትተው ከቆሙት ሹፌሮች አንዱ ይቀበላል፤ ይመርም ወሯ የገባ ሚስቱ ዘንድ ባዶ እጁን ይገባል። ካልሰጠ ደግሞ ነገ ሐረጎ አለ።

እጁን ከኪሱ አወጣ። ባዶ ነው። እጅጌውን ሰበሰበና ክሪኩን ከመሬት አነሣ።

«እሺ ጋሼ» አለ።

«እሺ?» አሉ አቶ ቸርነት።

«እሺ። አራጋው፣ ና ቡሎኑን ፍታልኝ፤ የኋላዎቹን እናውጣ።»

ክሪኩን ከኋላ አስገባና ማንሣት ጀመረ። ደነገጥኩ። ቢጮህ፣ ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር። የቡሎን መፍቻዬን ይዤ ሄጄ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አልኩት በጆሮው።

«ዝም ብለህ ፍታ።»

አቶ ቸርነትም አልተመቻቸውም። ይመር ሲከራከራቸው ለምደዋል፤ ክርክሩ ሲቀርባቸው የሆነ ነገር የጠፋባቸው መሰሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ወዲያ ወዲህ አሉና መጥተው ከላያችን ቆሙ።

«ይመር።»

«አቤት ጋሼ።»

«ከፋህ እንዴ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ!»

«አይ፣ ዝም ስትል ጊዜ ነው። እኔ መቼም ክፉ ሰው አይደለሁም። ለአንተ የማላስብ እንዳይመስልህ።»

ይመር ክሪኩን መጫን አቆመ። ቀና ብሎ አያቸው። ፊቱ ላይ ቅሬታም ሳቅም የለም፤ የአስቤዛ ዝርዝር የሚቀበል ሰው ነው የሚመስለው።

«ኧረ ትክክል ነዎት ጋሼ» አለ። «እንዲያውም ወጉ ነው። ትልቅ ሰው የትም ሲሄድ አሽከሩ ቀድሞ ይደርስለታል። ነገ ገደሉ ውስጥ እኔ ፊት እገባና ቦታ ይዤ እጠብቅዎታለሁ፤ እርስዎ ከአማቾችዎ ጋር በአዲሱ ጎማ ቀስ ብለው ይደርሱብኛል።»

መጀመሪያ የሳቀው ባለ አይሱዙው ነው። ከተቀመጠበት ጎማ ላይ ተንሸራቶ መሬት ላይ ሆነ፤ ጓደኛው ሊያነሣው ሄዶ እሱም ተቀመጠ። እኔ አንገቴን መኪናው ሥር ደብቄ ቡሎን የምፈልግ መሰልኩ። ቡሎኑ በእጄ ነበር። ለስንት ጊዜ እንዳልሳቅኩ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ጎኔን አመመኝ።

አቶ ቸርነት አልሳቁም። ወደ መኪናው ፊት ሄደው ጎማውን አዩ። ወደ ኋላ ሄደው አዩ። ከዚያ ከጎን ራቅ ብለው ቆሙና ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ በዓይናቸው ለኩት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። መኪናው አንድ መሆኑን ያን ዕለት ያወቁ ይመስለኛል።

ተመልሰው መጡ። ዣንጥላቸውን ዘረጉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አራቱንም ግጠም» አሉኝ።

«እሺ ጋሼ።»

ወደ መኪናው ሁለት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ዞር ብለው ይመርን በዣንጥላቸው ጫፍ አመለከቱት።

«አንተም ስማ! እኔ ቦታ ያዝልኝ ያልኩት ሰው የለም!»