የጎርፉ ዱካ

ብምልም አታምኑኝም፤ ግን የዚያን ክረምት ሜዳችን ላይ ዓሣ ጤፍ ሲግጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ጎርፉ በየዓመቱ ይመጣል፤ ያኔ ግን ዶሮዎቻችን እንኳ ዋና ለመዱ።

የፊታውራሪ አንለይ ግቢ ከጉብታው ላይ ነው፤ የጤፍ ማሳቸው ደግሞ ከእኛ ማሳ በታች። ማሳው ሲሰምጥባቸው አገሩን ሰበሰቡ።

«ይህን ጎርፍ የለቀቀብኝ ከእናንተ አንዱ ነው። እንደ ሌባ ዱካው ይፈለግ! ዱካው ደጁ ገብቶ የቀረበት ሰው፣ ክረምቱን ሙሉ የአገሩን ቦይ ብቻውን ይቆፍራል!» ብለው ማሉ።

ሁላችንም ወገባችንን ከወዲሁ አመመን። አንዲት ምላሰኛ ባልቴት ግን «ደግ ፈረዱ፣ ጌታዬ» ብላ ነጠላዋን አደገደገችና ጭቃውን እየተከተለች መራችን። ከፊታውራሪ ማሳ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሷ፣ ከዚያ ሽቅብ ወደ ጉብታው። ዱካው በፊታውራሪ በር ሥር ገብቶ ጠፋ።

ፊታውራሪ ተቆጡ። «ደግሞ ውኃ ምን ዱካ አለው?»

«ሜዳው ላይማ ነበረው፣ ጌታዬ። እርስዎ ደጅ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ ገባ እንዴ?»

ይኼኔ በረኛው ሥራው የተነቀፈ መስሎት ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ ጮኸ፦

«እኔ ቆሜ በዚህ በር ማንም ሾልኮ አልገባም! ጎርፉም ቢሆን ወጣ እንጂ አልገባም፤ ትናንት ጌታዬ ‹ግቢዬን አጨቀየው፣ ወደ ታች ልቀቀው› ሲሉኝ፣ የከፈትኩለት እኔው ነኝ!»