ከሰርግ የቀረው ገደል

ተረት ተረት፤ ለሰሚው በረከት።

ገደል ውስጥ ተወልዶ ያደገ አንድ ዘፋኝ ሽኮኮ ነበረ። እሱ ዘፈን ሲያወጣ ገደሉ እየመለሰ ይቀበለዋል፤ ያለ ገደሉ ዘፍኖ አያውቅም። አንድ ቀን ሚዳቋ ሜዳ ላይ ልጇን ስትድር ጠራችው። ሽኮኮ አንድ ስንኝ አወጣና ዝም አለ። ሰርገኛው እጁን ለጭብጨባ እንዳነሳ ቀረ።

«በል እንጂ፣ አያ ሽኮኮ!» አለችው ሚዳቋ።

«ተቀባዬ ዘገየብኝ።»

«ማነው እሱ?»

«ገደሉ ነዋ!»

እሜት ጦጢት በሳቅ ፈነዳች። «ታዲያ አዝለኸው አትመጣም ነበር!»

ሽኮኮ እያፈረ አገሩ ገባ። ገደሉን ሲያይ ብሶቱ ገነፈለና «ምነው ቀረህ?» ብሎ ጮኸ።

ገደሉም «ምነው ቀረህ?» አለው።

የቀረው ማን እንደሆነ አንድዬ ይወቀው፤ ሽኮኮ ግን ዛሬም ግራ እንደገባው እዚያው ተቀምጦ ይጠይቃል።

ተረቴ አለቀ፤ ዕድሜ ለሰሚ።