ቀድሞ የሚሳመው ጉልበት

በአንድ ወቅት፣ ባቡሩ ገና በየሁለት ቀኑ ድሬዳዋ በሚገባበት ዘመን፣ ለገሃሬ ሰፈር የምትኖር አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ እናቷን ጠየቀቻት።

«እማ፣ ሆድሽ ውስጥ እያለሁ ምን እሠራ ነበር?»

እናትየው እታፈራሁ የልጅቷን ፀጉር እየጎነጎነች ነበር። እጇ ትንሽ ቆመና ቀጠለ።

«ትተኚ ነበር።»

«አልራገጥም ነበር?»

«አንቺ? ጨዋ ነበርሽ። መኖርሽም አይታወቅ።»

ልጅቷ በጨዋነቷ ደስ ብሏት ልትጫወት ሄደች። እታፈራሁ ግን በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስለዚያች ቃል ሰገደች፤ ልጅቷ ረድኤት በሆዷ አላደረችምና። ውሸቱ የአንድ ቀን ቢሆን ስግደቱም የአንድ ቀን ይበቃ ነበር። እሷ ግን ዓመት ከዓመት ዋሸች፣ ዓመት ከዓመት ሰገደች፤ በመጨረሻ ጉልበቷ ደከመ።

ረድኤት አደገች፣ ተማረች፣ የጤና ጣቢያ ነርስ ሆነች። ይድነቃቸው የሚባል የጭሮ ልጅ ወደዳት፣ ወደደችው፣ ሽማግሌም ላከ። እንደ ደንቡ ሁለቱ ወገን እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጥራሉ፤ በመሀል አንድ የጋራ አያት ከተገኘ ጋብቻ የለም። የእታፈራሁ ባል፣ የምድር ባቡሩ መካኒክ ሸዋረጋ፣ ከሞተ ቆይቷልና ቆጠራው በእሷ ላይ ወደቀ። የባሏን ወገን ቆጠረች፤ የሚነካካ አልተገኘም። የራሷን ጀመረች።

«አንደኛ እኔ፣ ሁለተኛ ተሰማ፣ ሦስተኛ ደስታ፣ አራተኛ አየለ፣ አምስተኛ ጓንጉል።»

የሽማግሌዎቹ ተናጋሪ አቶ መንገሻ መነጽራቸውን አወለቁ። «የየት አገሩ ጓንጉል?»

«የአንጎለላው። በአንድ ዓይኑ የማያየው።»

«እንግዲህ እንነሳ» አሉ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው። «የኛም ልጅ አምስተኛው እሱው ነው። ዘመዳሞች ናቸው። እንኳን ቀድመን አወቅነው።»

ረድኤት ካለችበት ጓዳ ምንም ድምፅ አልተሰማም። እታፈራሁን ያስፈራት እሱ ነው፤ ረድኤት ስታለቅስ ድምፅ አታሰማም። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው በሩ ላይ ደረሱ።

«ቆዩ» አለች እታፈራሁ። «ከእኔ አልተወለደችም።»

አቶ መንገሻ ዞር አሉ። «ወይዘሮ፣ ይሄ ሠርጉን ለማዳን የተባለ ነው?»

«ሠርጉን ለማዳን ባይሆንማ መች ከአፌ ይወጣ ነበር።»

«ታዲያ የማን ናት?»

«እሱን አላውቅም። በባቡር መስኮት የገባች ልጅ ናት።»

«በመስኮት የገባ ሰው ሰባት ቤት አይቆጠርለትም» አሉ አቶ መንገሻ፣ ሳይቆጡ። «ማስረጃ ስታገኙ ላኩብን። እንመለሳለን።»

ሦስት ቀን ሙሉ ረድኤት እማ አላለቻትም፤ ሌላም ስም አልጠራቻትም። በአራተኛው ቀን ከሥራ ስትመለስ «እማ፣ በልተሻል?» አለች። በቤቱ ስለ ነገሩ የተባለው ይኸው ነው።

ረድኤት ምራቅ ተቀብሎ ዘመድ የሚፈልግ የዲኤንኤ ምርመራ መኖሩን ታውቅ ነበር። በአውሮፕላን የምትሠራ ጓደኛዋ ሁለት ዕቃ ገዝታ አመጣችላት፦ አንድ ለእሷ፣ አንድ ለእታፈራሁ። ዕቃው ትንሽ ብልቃጥ ነው፤ እስከ መስመሩ በምራቅ ይሞላል። የመጣው እሑድ ነበርና እታፈራሁ እጇን ሰበሰበች።

«ዛሬ ቆርቤያለሁ፤ ምራቅ አልተፋም። ነገ ይሁን።»

በማግስቱ ሁለቱም በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሲተፉ፣ በግድግዳ የምትዋሰናቸው ጎረቤት ዘሃራ አጥር ላይ ተደግፋ ታያቸው ነበር። ለረድኤት ከልጅነቷ ጀምሮ ኡሚ ዘሃራ ናት፤ ‹እናቴ› እንደማለት ነው።

«አቦ፣ እኔም ልትፋ እንዴ? ወተት ያሳያል?»

«ወተት አያሳይም፣ ኡሚ።»

«እንግዲያው ምን ዓይነት ምርመራ ነው?»

ከሁለት ወር በኋላ ውጤቱ በስልክ መጣ። ረድኤት አነበበችው፤ ድምፅ ሳታሰማም ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«ምን ይላል?» አለች እታፈራሁ።

«በእኔና በአንቺ መካከል ዝምድና አልተገኘም ይላል።»

እታፈራሁ ይህን ሃያ አራት ዓመት ታውቀዋለች። ሆኖም ስትሰማው ሩቅ መንገድ ዕቃ ተሸክማ መጥታ በሩ ላይ «እዚህ አይደለም» እንደተባለች ሆነች። ተነሥታ የታጠበውን ሳህን እንደገና አጠበች።

ውጤቱ ሌላም ነገር ይዟል። ካናዳ የምትኖር አንዲት ወጣት የእናትና የአባት እህቷ ሆና ተገኘች። እህትየው ያንን ምርመራ ያደረገችው፣ እናቷ በባቡር ስለጠፋችው ትልቋ ልጇ ሳታወራ የዋለችበት ቀን ስለሌለ ነው። እናትየው ደብሪቱ ትባላለች፤ ዛሬም አዋሽ ናት። መጣች፤ ቀጭን፣ አነጋገሯ ቀስ ያለ። በአቶ መንገሻ ፊት በእሷም በሟች ባሏም ወገን ሰባት ቤት ቆጠረች። ከሙሽራው ወገን ጋር አንድም የሚነካካ አልተገኘም። የሠርጉም ቀን ተቆረጠ።

አቶ መንገሻ ሲወጡ ግን አንድ ቃል ጥለው ሄዱ። «ሙሽራዋ ጉልበት ስማ ነው የምትወጣው። ቀድሞ የተሳመውን ጉልበት ሰው ሁሉ እናት ይለዋል፤ የልጅ ልጅም የሚጠራው እሱን ነው። አስቡበት።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የእድሩ ድንኳን በግቢው ተተክሎ ሳለ፣ ሦስቱ ሴቶች፣ እታፈራሁ፣ ደብሪቱና ዘሃራ፣ በረንዳው ላይ ነበሩ። ዘሃራ የረድኤትን መዳፍ ሂና ትቀባለች። ረድኤት እጇን እንደዘረጋች ጠየቀች።

«ነገ የማንን ጉልበት ነው ቀድሜ የምስመው?»

መጀመሪያ የተናገረችው ደብሪቱ ናት።

«ያኔ በባቡሩ በር የሚገባው ጉልበተኛ ብቻ ነበር። ሌላው ሰው ልጁንና ዕቃውን በመስኮት ያቀብልና፣ እንደ ምንም ተጋፍቶ ይገባል። ሁሉም እንደዚያ ያደርግ ነበር። እኔም እናቴን ልጠይቅ ሚኤሶ ስሄድ ልጄን ለእሷ አቀበልኳት።» ዘሃራን በአገጯ አመለከተች። «በሩ ላይ ስደርስ ለእናቴ የያዝኩትን የቅቤ ቅል መሬት እንደተውኩት ትዝ አለኝ። ለቅል ተመለስኩ። ባቡሩ ሄደ። በሚቀጥለው ባቡር ድሬ ገባሁ፤ አየሁ የሚል ጠፋ። ከዚያ ሰባት ዓመት፣ ባቡር በመጣ ቁጥር አዋሽ ጣቢያ ቆሜ ከመስኮት መስኮት አየሁ። ዘጠኝ ወር በሆዴ፣ አራት ወር በጀርባዬ አዘልኳት። ሌላ የምለው የለኝም።»

ዘሃራ ቀና ሳትል ሂናውን እየቀባች ነው የመለሰችው።

«እኔ ልጄን አዲስ አበባ አሳክሜ፣ እዚያው ቀብሬ እየተመለስኩ ነበር። ጡቴ በቀሚሴ ላይ ይፈሳል። ልጅ በመስኮት መጣልኝ፤ ወላሂ ከሰማይ መሰለኝ። ድሬ ስንደርስ ጣቢያው ባዶ እስኪሆን ጠበቅኩ። በሚቀጥለው ባቡር ቀን ግን ጣቢያ አልሄድኩም። የተጣለች መስላኝ አይደለም፣ ደብሪቱ። ትመጫለሽ ብዬ ነው ያልሄድኩት።»

ዘሃራ ወደ ሁለተኛው መዳፍ ተሻግራ ቀጠለች።

«በዚያው ሳምንት ተቅማጥ ያዛት። ጡት ባይኖር አትተርፍም ነበር። ሁለት ዓመት አጠባኋት። ባሌ ጅቡቲ ሲወስደኝ እስክመለስ ብዬ ለእታፈራሁ ሰጠኋት። ከስድስት ዓመት በኋላ ስመለስ በዩኒፎርም ወጣችና ‹እንደምን ዋሉ፣ እትዬ› አለችኝ። መልሺልኝ አላልኩም። ግድግዳ ለግድግዳ ኖርኩ። በኛ ሃይማኖት ጡት ዘር ነው፤ ያ ብልቃጥ ግን አያውቀውም።»

«ኡሚ፣ ጣቴን አመመኝ» አለች ረድኤት። ዘሃራ ሳታውቀው ጨምድዳት ነበር።

የእታፈራሁ ተራ ደረሰ። ዝም ብትል ትወድ ነበር። ለማለት የሚገባት ነገር ሁሉ ሌሎቹ ያዩት ነው፦ ኩፍኙ፣ የማትሪኩ ንባብ፣ የሸዋረጋ ሞት፣ በሽማግሌ ፊት «ከእኔ አልተወለደችም» ያለችበት ቀን። እሱን ትታ ሰው ያላየውን ተናገረች።

«ሸዋረጋ የባቡር ሰው ስለነበር ቤተሰቡ በነጻ ይሳፈራል። ዘሃራ አዋሽ መሆኑን ነግራኝ ነበር። ረድኤት አምስት ዓመት ሲሆናት፣ እናቷን ላጠያይቅ ብዬ ይዣት ሄድኩ። ባቡሩ ሲቆም አንዲት ሴት ከመስኮት መስኮት እያየች መጣች። ልጅቷ ጭኔ ላይ ተኝታለች። ሴትዮዋ ሁለት መስኮት ሲቀራት የኔን ዘጋሁት። ሳልወርድም አዲስ አበባ ገባሁ።»

«አቦ፣ እታፈራሁ» አለች ዘሃራ።

ደብሪቱ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ አጠነጠነች።

«ብዙ መስኮት ተዘግቶብኛል፣ እትዬ» አለች። «የእርስዎ የትኛው እንደነበር አላውቀውም።»

ረድኤት ሁለት እጇ ሂና ነውና እንባዋን መጥረግ አልቻለችም። ሦስቱም ብድግ አሉ።

«ተቀመጡ፤ እባካችሁ ተቀመጡ» አለች። እንባው በራሱ እስኪደርቅ ጠበቀች። «እኔ መምረጥ አልችልም። እማ፣ ነገ ወንበሩን አንቺ ደርድሪልኝ። መሀል ከተቀመጠችው እጀምራለሁ።»

እታፈራሁ እሺ አለች። ለዚች ልጅ እሺ ያላለችው ነገር ትዝ አይላትም።

በማግስቱ ጠዋት ኪዳን አድርሳ ተመለሰች። መስገድ አቅቷት ቆማ ነበር የጸለየችው። ከእድሩ ወንበሮች ሦስት አንድ ዓይነት መርጣ፣ ጤዛውን በመቀነቷ ጠርጋ፣ ከድንኳኑ አፍ ደረደረቻቸው። የመሀሉን አየችው። ሰው አለመኖሩን አይታ ተቀመጠችበት። የሚወደድ ቦታ ነበር፤ ከዚያ ሲታይ የረድኤት መኝታ ቤት በር ፊት ለፊት ነው። አቡነ ዘበሰማያት ደግማ ለመጨረስ የሚበቃ ያህል ቆየችና ተነሣች። አራተኛ ወንበር አምጥታ አጠገባቸው አስቀመጠች። አራት ወንበር መሀል የለውም።

ዘሃራና ደብሪቱ ለብሰው ሲወጡ ቆጠሩት።

«አራተኛው ለማን ነው?» አለች ዘሃራ።

«ለሸዋረጋ።»

«አቦ፣ መሀል ባይኖረው ጫፍ የለውም እንዴ? መጀመሪያ የምትደርስበት አንድ ይኖራል።»

እታፈራሁ ይህን አላሰበችውም ነበር። ከመንገዱ የሙሽራው መኪና ጡሩምባ ተሰማ። «ቅደሚ» አለች ዘሃራ ለደብሪቱ። «በሞቴ፣ እትዬ ይቅደሙ» አለች ደብሪቱ። «አፈር ስሆን፣ እናንተ ተቀመጡ» አለች እታፈራሁ፣ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ። በሩ ተከፈተ፤ ረድኤት ነጭ ለብሳ ወጣች። ወንበሮቹ አራት ናቸው፣ ባዶ ናቸው፤ ሴቶቹ ሦስት ናቸው፣ ቆመዋል።

አንዷ በመስኮት አቀብላ ለቅል ተመለሰች፤ ሰባት ዓመትም ፈለገች። አንዷ በጡቷ ከሞት መለሰች፤ ጣቢያ ግን አልሄደችም። አንዷ አሳደገች፣ መስኮት ዘጋች፤ ልጅቷ እንድታገባ ብላም እናትነቷን በገዛ አፏ ሰጠች።

እንግዲህ ይህን የሰማችሁ ፍረዱ፤ ረድኤት ቀድማ መንበርከክ ያለባት ለማን ነው?