የጅብ ዋሻ ሐራጅ

ተረት ልንገራችሁ፤ “የላም በረት” በሉኝና ልጀምር።

ጅብ በስርቆት ተፈርዶበት ዋሻው በሐራጅ ወጣ። ክረምት ሳይገባ ለልጆቿ መጠለያ የቸገራት ጃርት ያላትን በቆሎ ሁሉ ተሸክማ መጣች። ዳኛው አንበሳ፣ “ተጫራች ሁሉ አንድ ቁና በቆሎ ያስይዝ። አሸንፎ ቀሪውን ያላመጣ መያዣው ይቀርበታል” አለ።

ጃርትም ጉረኛው ዝንጀሮም አስያዙ። ጃርት፣ “አምስት ቁና” ስትል ዝንጀሮ፣ “መቶ!” ብሎ ጮኸ። ጃርት አንገቷን ደፋች።

“በል፣ ቀሪውን አምጣ” አለው አንበሳ።

“ጌታዬ፣ ሰው ሲያየኝ ጊዜ አፌ አመለጠኝ እንጂ የለኝም።”

“እንግዲያው መያዣህ ጅብ ለዘረፋት አህያ ይሰጥ። ዋሻው የጃርት ነው!”

አህያ በቆሎዋን እየቆረጠመች፣ ጃርት እሾኋን እያንሿሿች ጨፈሩ። ዝናቡ ሲወርድም ጃርት ደጅ የሚንቀጠቀጠውን ዝንጀሮ፣ “ግባ እንጂ፣ ቦታ ሞልቷል” ብላ ከልጆቿ መሃል አስቀመጠችው።

እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ እናንተ ዳቦዬን አቅርቡ።