አምባዬ መሬት እስኪረግጥ

የዛሬዋ ተረቴ ውኃ ላይ ናት፤ እንዳትሰጥም ጆሯችሁን ዘርጉላት።

በቀይ ባሕር ዳር፣ ሙቀቱ ብረት በሚያቀልጥበት ወደብ፣ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። የተቀደደ የእህል ጆንያ እየሰፋች ትኖራለች። ባሏ አምባዬ ደግሞ «ወለላ» የምትባል አሮጌ የጭነት መርከብ ላይ፣ ሞተር ክፍል ውስጥ ዘይት ቀቢ ነው። ወለላ ሰባት ወር ባሕር ላይ ቆይታ አንድ ሰኞ ጠዋት ተመለሰች። ትርንጎ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ወደቡ ሮጠች። መርከቧ ግን አልተጠጋችም። ከሩቅ መልሕቋን ጣለችና ምሰሶዋ ላይ ቢጫ ባንዲራ ወጣ። ቢጫ ባንዲራ ማለት በሽታ አለብኝ፣ አትቅረቡኝ ማለት ነው።

«ማን ነው የታመመው?» አለች ትርንጎ።

«አንድ ሰው ብቻ ነው። ዘይት ቀቢው ትኩሳት ይዞታል» አሏት።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ትርንጎ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፦ ባሏ ከመርከብ ወርዶ መሬት እንዲረግጥላት። መሬት ከረገጠ ሐኪም ቤት አለ፣ ጥላ አለ፣ እሷ አለች።

ወደ ጀልበኛው ወደ እድሪስ ሄደች። «እድሪስ ወንድሜ፣ ባሌን በጀልባህ አውርድልኝ» አለችው።

እድሪስ መቅዘፊያውን አስቀመጠ። «ትርንጎ እህቴ፣ ዓይንህን ስጠኝ ብትዪኝ ይሻለኝ ነበር። ቢጫ ባንዲራ ከሰቀለ መርከብ፣ ያለ ወደቡ ሹም ወረቀት ሰው አይወርድም። ደንብ ነው። አምና አንዱን በልመና አውርጄ ትኩሳቱ ሰፈራችን ገባ። የእህቴን ልጅ በእነዚህ እጆቼ ቀበርኩ።»

ሹሙ ካልጻፈ ጀልባው አይጭንም፤ ጀልባው ካልጫነ አምባዬ መሬት አይረግጥም።

ወደ ሹሙ ሄደች። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆማ ሲመሽ ገባች። «ጌታዬ፣ አንዲት ወረቀት ይጻፉልኝ፤ ባሌ ይውረድልኝ» አለችው።

ሹሙ መነጽሩን አወለቀ። «እመት፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሙ መርከቧ ላይ ወጥቶ፣ ሰውየውን አይቶ፣ ምን እንደያዘው ካልነገረኝ ብዕር አላነሣም። እዚህ ወደብ ውስጥ አራት ሺሕ ሰው ይተነፍሳል።»

ሐኪሙ ካላየ ሹሙ አይጽፍም፤ ሹሙ ካልጻፈ ጀልባው አይጭንም፤ ጀልባው ካልጫነ አምባዬ መሬት አይረግጥም።

ወደ ሐኪሙ ሄደች። ወጣት ነው፤ እንቅልፍ ካጣ የሰነበተ ይመስላል። «ልጄ፣ መርከቧ ላይ ውጣና ባሌን እይልኝ» አለችው።

«ትናንት ሄጄ ነበር፤ መርከቧ ሥር ደርሼ ተመለስኩ። የሚወጣበት የገመድ መሰላል ነው፤ ገመዱ ደግሞ በስብሷል። ከእኔ በፊት የነበረው ሐኪም እንዲህ ያለ መሰላል ተበጥሶበት በመርከቡና በጀልባው መሃል ወድቆ ሞተ። ከዚያ ወዲህ በበሰበሰ መሰላል ማንም እንዳይወጣ ደንብ ወጣ።»

«አንተ እኮ ወጣት ነህ፤ ቀላል ነህ።»

«እሱም ወጣት ነበር» አላት ሐኪሙ።

መሰላሉ ካልታደሰ ሐኪሙ አያይም፤ ሐኪሙ ካላየ ሹሙ አይጽፍም፤ ሹሙ ካልጻፈ ጀልባው አይጭንም፤ ጀልባው ካልጫነ አምባዬ መሬት አይረግጥም።

ሐሙስ ዕለት እድሪስ ጀልባው ላይ አሳፈራትና ድምፅ እስከሚደርስበት ድረስ ወሰዳት። ወደ መርከቧ መጠጋት አልተከለከለም፤ የተከለከለው ሰው ማውረድ ነው። ትርንጎ አንገቷን ወደ ላይ አቅንታ ጮኸች፦ «መሰላሉን አድሱልኝ! ሐኪሙ ይውጣ!»

አንድ መርከበኛ ከላይ ብቅ አለ። «በምን እናድሰው? ያለን ገመድ ሁሉ በስብሷል! ከወደቡ መጋዘን ይስጡን!»

«አምባዬስ?»

«ዛሬ ውኃ ጠጥቷል!»

ያችን ውኃ እንደ ምሥራች ይዛ ተመለሰች። ግን ገመዱ ካልመጣ መሰላሉ አይታደስም፤ መሰላሉ ካልታደሰ ሐኪሙ አያይም፤ ሐኪሙ ካላየ ሹሙ አይጽፍም፤ ሹሙ ካልጻፈ ጀልባው አይጭንም፤ ጀልባው ካልጫነ አምባዬ መሬት አይረግጥም።

ወደ መጋዘኑ ሄደች። መጋዘን ጠባቂው አቶ ባራኪ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ከኋላቸው አዲስ ገመድ እየተጠቀለለ ጣሪያ ነክቷል። «አባቴ፣ ለአንድ መሰላል የሚበቃ ገመድ ይስጡኝ» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ገመዱማ ይኸው ሞልቷል። ለወለላ ግን አንድ ክንድ መቁረጥ አልችልም። ታግዳለች። ወደቡ ውስጥ ዘይት አፍስሳለች ተብሎ፣ ገመድም ሆነ ሚስማር እንዳይሰጣት የባሕሩ ተቆጣጣሪ አዟል። ከእሱ ትእዛዝ ብወጣ እኔም ነገ እዚህ አልገኝም።» ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ገመዱ አዞሩ።

እገዳው ካልተነሣ ገመዱ አይመጣም፤ ገመዱ ካልመጣ መሰላሉ አይታደስም፤ መሰላሉ ካልታደሰ ሐኪሙ አያይም፤ ሐኪሙ ካላየ ሹሙ አይጽፍም፤ ሹሙ ካልጻፈ ጀልባው አይጭንም፤ ጀልባው ካልጫነ አምባዬ መሬት አይረግጥም።

ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ዝግ ነው። ትርንጎ ሁለቱን ቀን ባሕሩ ዳር ተቀምጣ ቢጫውን ባንዲራ ስታይ ዋለች። እሑድ ማታ እድሪስ በመርከቧ አጠገብ አልፎ መጣ። «ዛሬ አልተናገረም አሉኝ» አላት።

ሰኞ ጠዋት ተቆጣጣሪው ዘንድ ገባች። እሱ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ በረገመችው ነበር፤ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ውኃ የሞላበት ጠርሙስ አስቀምጧል። «ይህን ተመልከቺ እህቴ። ወለላ ከቆመችበት የተቀዳ ነው። የዓሣ አጥማጆቹ መረብ ሁሉ ጠቁሯል፤ ልጆቻቸው የሚበሉት አጥተዋል። የመጣው መርከብ ሁሉ ያፈስና እኔ አይደለሁም ብሎ ይሄዳል። ካፒቴኑ አጥፍተናል ብሎ ይፈርም፤ እገዳውን ያኔውኑ አነሣለሁ።»

«ባሌ እኮ እየሞተ ነው።»

«እንግዲያው ካፒቴኑ ይፍጠን» አላት።

ካፒቴኑ ካልፈረመ እገዳው አይነሣም፤ እገዳው ካልተነሣ ገመዱ አይመጣም፤ ገመዱ ካልመጣ መሰላሉ አይታደስም፤ መሰላሉ ካልታደሰ ሐኪሙ አያይም፤ ሐኪሙ ካላየ ሹሙ አይጽፍም፤ ሹሙ ካልጻፈ ጀልባው አይጭንም፤ ጀልባው ካልጫነ አምባዬ መሬት አይረግጥም።

ማክሰኞ እድሪስ እንደገና ቀዘፈላት። ካፒቴኑ ድምፅ ማጉያ ይዞ ወደ መርከቧ ጠርዝ ወጣ።

«ካፒቴን፣ በልጆችዎ ይሁንብዎ፣ ይፈርሙ!» አለች ትርንጎ።

«ያላፈሰስኩትን ልፈርም? ፈቃዴን ልነጠቅ? የሞተር ክፍሉን ቧንቧ የሚነካው ዘይት ቀቢው ነው። ቧንቧውን የከፈትኩት እኔ ነኝ ብሎ እሱ ይመስክር፤ እኔም የሠራተኛዬ ጥፋት ነው ብዬ እፈርማለሁ። ካልሆነ ግን ብዕር አልይዝም!»

ትርንጎ ጀልባው ውስጥ ዘፍ አለች። ዘጠኝ ቀን በር ስታንኳኳ ከርማ፣ የመጨረሻው በር ባሏ ሆኖ ተገኘ። በጣቷ እየቆጠረች ለራሷ አለችው፦ አምባዬ ካልመሰከረ ካፒቴኑ አይፈርምም፤ ካፒቴኑ ካልፈረመ እገዳው አይነሣም፤ እገዳው ካልተነሣ ገመዱ አይመጣም፤ ገመዱ ካልመጣ መሰላሉ አይታደስም፤ መሰላሉ ካልታደሰ ሐኪሙ አያይም፤ ሐኪሙ ካላየ ሹሙ አይጽፍም፤ ሹሙ ካልጻፈ ጀልባው አይጭንም፤ ጀልባው ካልጫነ አምባዬ መሬት አይረግጥም።

«አምጡልኝ! ባሌን ጠርዙ ላይ አምጡልኝ!»

ሁለት መርከበኞች በብርድ ልብስ ተሸክመው አመጡት። ፊቱ እንደ ሰም ቢጫ ሆኗል። ቢሆንም አወቃት፤ እጁን አነሣ።

«አምባዬ! ቧንቧውን የከፈትከው አንተ ነህ?»

ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ባሕሩ ዝም ስላለ ግን ተሰማ። «እኔ አይደለሁም። ማንም አልከፈተም። የመርከቧ ሆድ ዝጎ ተበስቷል። ከመነሣታችን በፊት ለካፒቴኑ ነግሬዋለሁ።»

ካፒቴኑ ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አደረገና ወደ ሌላ በኩል አየ።

ትርንጎ ውኃውን አየች፤ ባሏን አየች። ከዚያ፣ በሕይወቷ እላለሁ ብላ ያላሰበችውን አለች። «አምባዬ፣ እኔ ነኝ በል።»

«ትርንጎ፣ ሃያ ዓመት ባሕር ላይ ሠርቻለሁ። አንድ ጥፋት ተጽፎብኝ አያውቅም። ያለኝ ስሜ ብቻ ነው።»

«ስምህን ምን ላድርገው? እኔ የምፈልገው እግርህን ነው! እኔ ነኝ በልና ና!»

እድሪስ ፊቱን በሽርጡ ሸፈነ። በመጨረሻ አምባዬ ከላይ «ተቆጣጣሪውን ጥሪው» አላት።

ተቆጣጣሪው በሞተር ጀልባው መጥቶ ከመርከቧ ሥር ቆመ። አምባዬም «ቧንቧውን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ።

አለቀ። አምባዬ መሰከረ፣ ካፒቴኑ ፈረመ። ካፒቴኑ ፈረመ፣ እገዳው ተነሣ። እገዳው ተነሣ፣ ገመዱ መጣ፤ አቶ ባራኪ ራሳቸው በትከሻቸው ተሸክመው አመጡት። ገመዱ መጣ፣ መሰላሉ ታደሰ። መሰላሉ ታደሰ፣ ሐኪሙ አየ። ሐኪሙ አየ፣ ሹሙ ጻፈ። ሹሙ ጻፈ፣ ጀልባው ጫነ። ዘጠኝ ቀን የታሰረው ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ተፈታ።

እድሪስ ጀልባውን አሸዋው ላይ ሲያስጠጋ ቃሬዛ ይዘው ጠበቁት። አምባዬ ግን «አቁሙኝ» አለ። አቆሙት። በአንድ ጎኑ ትርንጎ ያዘችው፤ በሌላው ጎኑ ተቆጣጣሪው የላከው ፖሊስ ያዘው፤ ጥፋቱን አምኗልና። አምባዬ ባዶ እግሩን መሬት ላይ አሳረፈ። አንድ ረገጠ፣ ሁለት ረገጠ፣ ሦስተኛው ላይ ጉልበቱ ከዳው።

ሐኪሙ ትርንጎን ለብቻዋ ጠራት። ዓይኗን ማየት አልቻለም። «ወባ ነው» አላት። «ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ባንዲራውም አያስፈልግም ነበር። በመጀመሪያው ሰኞ ባየው ኖሮ በክኒን ይድን ነበር። አሁን ወደ ጭንቅላቱ ወጥቷል።»

አምባዬ መሬት ላይ ሦስት ቀን ኖረ። ወለላ በሁለተኛው ቀን ጭነቷን አራግፋ ካፒቴኗን ይዛ ሄደች።

ቀብሩ ላይ ሁሉም መጡ። እድሪስ መጣ፤ አቶ ባራኪ መጡ፤ ሐኪሙ መጣ፤ ሹሙ ከኋላ ቆመ፤ ተቆጣጣሪውም ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ። አፈር ከለበሰ በኋላ ትርንጎ አላለቀሰችም። ወደ እነሱ ዞረች።

«ባሌ ዘይት አላፈሰሰም» አለች። «መርከቧ ነበረች የተበሳችው። እኔ ነኝ በል ያልኩት እኔ ነኝ። የጻፋችሁት ውሸት ነው፤ ሁላችሁም እዚህ ሰምታችሁኛል።»

እሷም ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ፣ በመሃላቸው አልፋ፣ በባዶ እግሯ ወደ ቤቷ ሄደች።

ተረቴ እዚህ ላይ መልሕቋን ጣለች፤ ከንፈሬን ጨው ነክቶታልና ውኃ አቀብሉኝ።