ከአደም መቃብር የማያልፈው ማጨጃ

የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ሙታኖቿም ዘመድ አላቸው። አሮጌ ከተማ ናት፤ የቀብር ስፍራዋ ከሰፈሮቿ ይሰፋል። የቁርአን አስተማሪው ሐጂ ቡሽራ በዚያ ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው የወፍጮ ሞተር ጠጋኝ ስለነበሩ፣ የቀብሩን ሣር የሚያጭደውን ማሽን የሚጠብቁት፣ ሞተሩን በሚያበርደው ራዲያተር ውስጥም ውሃ የሚሞሉት እርሳቸው ነበሩ።

በአንድ ክረምት ማጨጃው ክፉ አመል አመጣ። ከበሩ ተነስቶ ደህና ሲያጭድ ይቆይና የእህል ነጋዴው የአደም መቃብር ዘንድ ሲደርስ ያቃስታል፤ እንፋሎት ይተፋል፤ ዝም ይላል። አምስት ቀን ተሞከረ፤ አምስቱንም ቀን እዚያው ቆመ። በመቃብሩ ላይ ሣሩ ወገብ ድረስ አደገ፤ ነፋስ በሌለበትም የሚወዛወዝ ይመስል ነበር። ሰው ደግሞ ለወሬ ማን ብሎት! «በሕይወቱ ሚዛን ይሰርቅ ነበር፤ ይኸው መሬቷ መሰከረችበት» አሉ። ወሬው ሚስቱ ሩቅያ ዘንድ ሲደርስ፣ የልጇ እጮኛ ቤተሰቦች ኒካሑን ለማስቀረት እየመከሩ ነበር።

ሩቅያ ሐጂ ዘንድ ሄደች። «ሐጂዬ፣ እባክዎ ቁርአን ይቅሩበት። ጂን ከሆነ ይልቀቀው። ባሌ ከሆነ ግን…» አለችና አለቀሰች።

ሐጂ የከሰዓቱን የዐስር ሰላት ሰግደው ብቻቸውን ወደ ቀብሩ ወረዱ። ለሙታኑ ሰላምታ አቀረቡ፤ ማሽኑንም ከበሩ ሳይሆን ከማዶኛው ጫፍ አስነሱት። እንደ ወትሮው ደህና ሲያጭድ ቆይቶ አቃሰተና ቆመ። ቀና ሲሉ የገዛ አባታቸው መቃብር አጠገብ ናቸው። ጠጉራቸው ቆመ።

ቢስሚላህ ብለው ሞተሩ እስኪበርድ በአባታቸው ራስጌ ተቀመጡ። የራዲያተሩን ክዳን ሲከፍቱ ጥቁር ውሃ ወጣ። ዘይት ገብቶበት እንደሆነ ጠረጠሩ፤ የሞተሩ ዘይት ግን ሲያዩት ንጹሕ ነው። ጥቁሩን በጣታቸው ቢያሹት አያሟልጭም፤ ይጣበቃል። አሸተቱት፤ ጥላሸትና ሙጫ። ያኔ ይበልጥ ደነገጡ፤ ሽታውን ስልሳ ዓመት ያውቁታል።

ደረሶቻቸው፣ ተማሪዎቹ፣ የቁርአን ሰሌዳቸውን፣ ሎሁን፣ ያጠቡበት ውሃ ነበር። የአላህ ቃል የተጻፈበት የጥላሸትና የሙጫ ቀለም ታጥቦ እግር በሚረግጠው መሬት አይደፋም። ሐጂም ንጹሕ ስፍራ ፍለጋ ለወራት ራዲያተር ውስጥ ሲጨምሩት ከርመዋል። ሙጫው ቀጫጭን ቱቦዎቹን ደፍኗል፤ ውሃው አይዘዋወርም። ሞተሩም ከተነሳ ሁልጊዜ እኩል ጊዜ ቆይቶ ይግላል፤ ከበሩ ለተነሳ ያ ልክ የአደም መቃብር ነው፤ ከማዶ ለተነሳ ደግሞ የአባታቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ማንም አላየም። ራዲያተሩን በድብቅ አጥበው፣ ቁርአን ቀርተውበት ቢነዱት ከተማው «ወሊይ፣ የአላህ ወዳጅ» ብሎ እጃቸውን ይስም ነበር። አደም ግን በሐጂ ዱዓ ምሕረት ያገኘ ሌባ ሆኖ ይቀር ነበር።

ጁምዓ እንደተሰገደ ሐጂ ጥቁሩን ውሃ በጠርሙስ ይዘው በሰጋጁ ፊት ቆሙ። «ማሽኑን ያቆመው ይህ የሎህ እጣቢ ነው፤ የሞላሁትም እኔ ነኝ። አደም ምንም አላደረገም» አሉ።

የእጮኛው አባት ከፊት ረድፍ አንገቱን ደፋ። አጠገቡ የነበረ ሽማግሌ ሊያጽናናቸው ፈልጎ፣ «ሐጂ፣ በመልካም ኒያ፣ በቅን ሐሳብ ነው እኮ ያደረጉት» አላቸው።

«ኒያዬን አላህ ያውቃል» አሉ ሐጂ። «የአደምን አፍ ግን አፈር ዘግቶታል። አፍ ያለው ይናገርለት።»

ኒካሑ በቀጠሮው ታሰረ። እኔ ግን ያቺን ቃል ባሰብኩ ቁጥር ይበርደኛል። ስንቱን ጥፋታችንን በሙታን ላይ ጭነን ወደ ቤታችን ገብተናል! እነርሱም ተሸክመው ዝም ይላሉ። እኔን የሚያስፈራኝ አንደበታቸው የሚፈታበት ቀን ነው።